የጾም ያልሆነው ዶሮ

ስለ ልጄ ማውራት ስጀምር ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። እናንተ ግን ትንሽ ታገሱኝ። መክሊት በምግብ ሳይንስ ተመርቃ አትላስ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ተቀጥራለች። ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። የሰጧት የመጀመሪያ ሥራ ምን መሰላችሁ? ዶሮ ሳይታረድ፣ ከዶሮ ሕዋስ ላብራቶሪ ውስጥ ላደገ ሥጋ የአማርኛ ስም ማውጣት!

ቤት ውስጥ ሁላችንም ስም አውጪ ሆንን። እኔ «የላብራቶሪ ዶሮ» አልኩ። ባለቤቴ፣ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል ብላ ጣለችው። «ያልታረደ ዶሮ» ስልማ ጭራሽ አፏን ያዘች። እውነቷን ነው፣ በክት ማን ይበላል? መክሊትን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። አለቃዋ፣ ካልታረደ ምኑ ያስገድፋል ብሎ፣ «የጾም ዶሮ» ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እሷ ደግሞ ሥጋ ሥጋ ነው ባይ ናት።

ድርጅቱ ሥጋውን ለእንግዶች ባስቀመሰበት ቀን እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ተጋበዝን። ዕለቱ ረቡዕ ነው። እትዬ እንኳን ረቡዕን ልትገድፍ፣ ብስኩት ስትገዛ ወተት አለበት ወይ እያለች ባለሱቁን ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች። ጠረጴዛው ላይ «የጾም ዶሮ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ አንዱን ቁራጭ በሹካ ወግታ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ መክሊት አለቃዋ አጠገብ እንደቆመች ጮኸች።

«እትዬ፣ ይቆዩ! አልታረደም እንጂ ከእውነተኛ ዶሮ ሕዋስ ነው ያደገው። የጾም አይደለም!»

አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። በቃ፣ ልጄ ሥራዋን አጣች አልኩ። እትዬ ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ተባረኪ ልጄ» አለቻት። ከዚያ ወደ አለቃው ዞራ፣ «እንዲህ እቅጩን የምትነግረኝ ልጅ ካለች፣ ነገ ሐሙስ መጥቼ በስመ አብ ብዬ እቀምሰዋለሁ። ይኖራል?» አለችው።

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። አለቃው ራሱ ተነስቶ ወረቀቱን ላጠው። ዛሬ ማሸጊያው ላይ የመክሊት ጽሑፍ አለ፦ «ከዶሮ ሕዋስ ያደገ ሥጋ። አልታረደም። የጾም አይደለም።» ከአንዱ ማሸጊያ ላይ ጽሑፉን ቆርጬ ኪሴ ይዤው እዞራለሁ። ልጄም ሥራዋን አላጣችም።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። መክሊት ስትጮህ እኔ አራት ቁራጭ ውጬ ነበር። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ምን በላህ ቢሉኝ የመክሊትን ጽሑፍ ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ሃያ ስግደት አዘዙኝ። ይሄን ማን ጻፈው ሲሉኝ ግን፣ ከምረቃዋ ጀምሬ አንድ ሳላስቀር ተረክሁላቸው። ለትዕቢትህ ብለው አርባ ጨመሩበት።

ሃያውን እያዘንኩ ሰገድኩ። አርባውን እየኮራሁ።