ለማሽካንታ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ ያልላከ ሰው ይቅር ይባላል፤ ቤት ሊገዛ ሲነሳ ያልላከ ግን ጉድ ይፈላበታል! ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የባለቤቴ የብርቄ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ካለ ሰነባበተ። ታዲያ ነቬ ሐይም የሚባል ሰፈር አንድ ምድር ቤት ለሽያጭ ወጣ። «ማሽካንታ ይውሰዱ» አሉኝ ሻጮቹ፤ የቤት ብድር ማለታቸው ነው። «ከኪስዎ ትንሽ ይሰጣሉ፣ ለቀረው መንግሥት ዋስ ይሆናል።»

ዋስ! እናንተዬ፣ ከዋስ ጋር ፊት ለፊት ሳይተያዩ ብድር አለ እንዴ? የሰፈራችንን ሽማግሌዎች፣ አያ ታረቀኝንና አያ በላይን፣ ነጭ ጋቢ አስለብሼ ባንክ ገባሁ።

የተቀበለችን ማዛል የምትባል የእኛው አገር ልጅ ናት።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣ አባቶቼ!»

የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል መች ይቀመጣል? ቆምን። ከኋላችን ሰልፉ በሩ ጋ ደረሰ።

«ዋሱ ይጠራልን» አሉ አያ ታረቀኝ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው።

«ዋሱ መንግሥት ነው እኮ!»

«ይምጣ። እንጠብቃለን።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችን። ከኪሱ ትንሽ የሰጠ ብዙ ይበደራል፤ ብዙ የተበደረ ወለዱም ዓመቱም ይበዛበታል።

«ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ።»

«እኔ እኮ ሰባ አራት ሞልቶኛል፣ ልጄ!»

«እስከ መቶ ሃያ ይኑሩልኝ፣ አባባ!» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱ ለእኔ ይሁን ለባንኩ... እስካሁን አልገባኝም።

አያ በላይ ጣልቃ ገቡ። «መክፈል ቢያቅተውስ?»

«ቤቱ ይሸጣል። ባንኩ የጎደለበትን መንግሥት ይሞላለታል።»

«ቤቱን ላጣውስ ማን ይሞላለታል?»

ማዛል ወረቀቷን ማስተካከል ጀመረች...

አያ ታረቀኝ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። «በል እንሂድ! ይሄ ዋስ የባንኩ እንጂ የአንተ አይደለም። ሁለት ዓመት አጠራቅምና ያኔ ትገዛለህ።» ተፈረደ!

እቤት ስንደርስ ብርቄ ፍርዱን በጸጥታ አዳመጠች። ሴት ልጅ በጸጥታ ስታዳምጥ ፍሩ፣ ወገኖቼ!

«ቤሴዴር፣ ይሁን» አለች። «ሁለቱን ዓመት ግን የዓርብ አስቤዛዬን ፈራጆቹ ተሸክመው ያወጡልኛል።»

ሽማግሌ ደግሞ እንዴት እምቢ ይላል? ዓርብ ደረሰ። አያ በላይ የሽንኩርቱን ከረጢት፣ አያ ታረቀኝ እንስራ የሚያህል ሐብሐብ አቅፈው ሽቅብ ተያያዙት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አያ ታረቀኝ ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ...

«ስማ» አሉኝ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ያቺ የባንኳ ልጅ እሑድ ሥራ ትገባለች?»