ቃል ሳጠራ ሙሽራ ላስቀር

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወይ ዶሮ ያረባል፣ ወይ ቋንቋ ይጠብቃል። እኔ ለዶሮ ትዕግሥት ስለሌለኝ ቋንቋ መጠበቅ ያዝኩ። ብቻውን ያበደ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትስቁብኝ! በጥንት ግሪኮች ዘመንም፣ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የሞቱ አቴናውያን ያልጻፉትን ቃል ከአፋችን አናወጣም ያሉ ሊቃውንት ነበሩ። አንዱማ የምግቡ ስም በድሮ መጽሐፍ መኖሩን ሳያጣራ አይቀምስም ነበር አሉ። ይህን ባነበብኩ ዕለት የጠፋ ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ደስታዬ የሚገባው ደብረ ማርቆስ ላይ አማርኛ እያስተማረ ሠላሳ ዓመት «ቲቸር» ለተባለ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ኅዳር የእህቴ ልጅ ይርጋ፣ ደምበጫ ያለች ልጅ ወዶ ከጎረቤታችን ከአያ ሙሉነህ ጋር ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ። አባቷ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የግእዝ ሊቅ ፊት ከእኔ ሌላ ማን ይናገር ታዲያ? ይርጋ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶን፣ ጋሼ አደራ፣ እሷን ካጣሁ አለቀልኝ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላው።

ደረስንና እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ተቀመጡ ቢሉን፣ እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም አልን። መሪጌታ የልጁ ሥራ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

መካኒክ ነው። አራት ፊደል! ግን እኔ ያን የባዕድ ቃል ሊቅ ፊት አውጥቼ ልዋረድ? ተሽከርካሪን ፈትቶ፣ ሕመሙን መርምሮ፣ መልሶ የሚያዋድድ ጠቢብ ነው አልኩ። መሪጌታ ጺማቸውን ዳበሱ። ሐኪም ነው? አይደለም። አንጥረኛ ነው? ኧረ አይደለም። የት ነው የሚሠራው? ጋራዥ ልበል እንዴ! የደከሙ ተሽከርካሪዎች ማገገሚያ ቤት አልኳቸው። እናትየው ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው፣ እኛ እየሰማን፣ ስም የሌለው ሥራ ካለው ልጁ ሥራ ፈት ነው አሉ።

መሪጌታም ነገሩን ለሌላ ቀን እናቆየው አሉ። «ሌላ ቀን» እንቢ ማለት መሆኑን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። የይርጋ ዓይን ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ ቃሉ ግን አልወጣም አለ። ይሄኔ አያ ሙሉነህ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ግድግዳ ተደግፎ ጮኸ፦ «ኧረ መካኒክ ነው! ባጃጅ ነው የሚሠራ! ስለ እግዜር እንቀመጥ!»

መሪጌታ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ወንጌል የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ እንግዳ ነው፣ አባቶቻችን ደጅ ላይ አስቁመውት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናትየውን ዐየት አደረጉና፣ ልጃችንን ሰጥተናል፣ በሉ ሶፋው ላይ አረፍ በሉ አሉ። አያ ሙሉነህ ሄዶ ዘፍ አለ። ልከተለው ስል መሪጌታ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። መምህር፣ እርስዎ እንኳ ሶፋ ላይ አይቀመጡም፣ ቃሉ የባዕድ ነው ብለው ጥግ ወዳለው የጭቃ መደብ መሩኝ።

ንጹሕ አማርኛ ምን ያህል እንደሚቆረቁር ያን ቀን ነው ያወቅሁት።