ድሃ ፈላጊው ካሜራ

ሀብታም ሰው ካሜራ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነሳው ለምን ድሃን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ አልደረስኩበትም።

በጸሎት ቤታችን አንድ ዶክተር አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው ካሜራ ብቻ ነው። ለእናቴ በሰው እጅ የምልከው ፎቶ እንዲያነሱኝ ለመንኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስላላየችኝ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን በሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ውስጥ በረሃብ ያለቅሁ ይመስላታል። አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ልጆቼን ቅባት ቀብቼ፣ ይዣቸው ዶክተሩ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ግን የተቀደደ ብርድ ልብስና እንስራ አዘጋጅተው ጠበቁኝ!

"ይህን ደርበሽ ወደ መሬት እይ፣ እህቴ። ጫማሽንም አውልቂ።"

"ምነው ዶክተር፣ ምን አጠፋሁ?"

"ጥበብ ነው እንጂ! ድሮ የስፔን ባለጸጎች ካሜራ እንደያዙ፣ ገበሬ እያቆሙ፣ ጭጋግ እያስመሰሉ፣ ልክ እንደ ሥዕል ያነሱ ነበር።"

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ባዶ መንገድ እንኳ ሁለቴ ሳላይ አልሻገርም። ግን እናቴ ያን ፎቶ ታቅፋ ስታለቅስ ታየኝ።

"እንግዲያው እርስዎ ይልበሱትና እኔ ላንሳዎት፤ ለእናትዎ እንልከዋለን" አልኳቸው።

"ኧረ እናቴ ትሞትብኛለች!" አሉ ደንግጠው።

"የኔስ?"

ባለቤታቸው ከጓዳ ሳቃቸውን ለቀቁት። ዶክተሩ እንስራውን በገዛ እጃቸው ተሸክመው ሲያወጡ፣ የስፔን ባለጸጎች በሙሉ ተከትለዋቸው የወጡ መሰለኝ። ቀሚሴም፣ ጫማዬም፣ የልጆቼም ጉንጭ ጥርት ብሎ ተነሳ።

ፎቶው በደረሰ ማግስት እናቴ ደወለች። ጎረቤት እስኪሰበሰብ እልል ካለች በኋላ፣ "ተመስገን፣ ወፍረሻል!" አለችኝ።