ኮቱ የማይጎተተው መምህር

የሰው ልጅ ለትምህርት ብሎ ከፈጠራቸው መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ የቱ ነው ብትሉኝ፣ መጽሐፍ አልላችሁም፤ ጠመኔም አልላችሁም። እኔ የማደንቀው ያችን በስልክና በኮምፒውተር ቪዲዮ ላይ ያለችውን፣ ሁለት አጫጭር ቋሚ መስመሮች የተሰመሩባትን ቁልፍ ነው። ተናጋሪውን ባለበት ቀጥ የምታደርገዋን። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ተቀምጬ፣ ባሕር ማዶ ያለውን ፕሮፌሰር በአንድ ጣቴ አፉን እንደከፈተ አቆመዋለሁ። ሻይዬን ፉት እላለሁ፤ ያልገባኝን ቃል እፈልጋለሁ፤ ሲያሰኘኝ ደግሞ «በል ቀጥል» እለዋለሁ። ሰውዬው ቅር አይለውም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ከዚህ በፊት የትኛው ተማሪ እጅ ገብቶ ያውቃል?

ቁልፏን እንዲህ የማከብራት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የተማርኩት በማይቆም መምህር ነው።

ሆሳዕና ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በፕላዝማ ዘመን ነበር። ላልደረሰበት ላስረዳ። በየክፍሉ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ጣሪያው ላይ ዲሽ ይተከላል። ሰዓቱ ሲደርስ ትምህርቱ ከሰማይ ይወርድና ከረባት ያሰረ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ይህ ሰው ማንንም አይጠብቅም። ደወሉ ቢዘገይ ጉዳዩ አይደለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ቢደበድበው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እኛን ከጣለበት ሳይሆን እሱ ከደረሰበት ይቀጥላል። የእኛው የፊዚክስ መምህር ቲቸር አበራ መግቢያው ላይ ጥቂት ይናገራል፤ ከዚያ ከሳጥኑ አጠገብ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ የተረፈች ጊዜ ካለች ይሰጡታል። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ፊዚክስ የተማረ ሰው፣ ሥራው ቴሌቪዥን ማብራትና ማጥፋት ሲሆን ምን ይሰማው ይሆን? ጠይቀነው አናውቅም። ሪሞቱን ግን እንደ በትረ መንግሥት ነበር የሚይዘው።

የእኛስ ነገር? እኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛን የተማርነው በአማርኛ ነው፤ አማርኛውን ደግሞ በሀዲይኛ። አሁን ሁለቱም ደረጃዎች ከእግራችን ሥር ተነሡና ራሱ እንግሊዝኛው በሩጫ መጣብን። ከረባት ያሰረው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ትንሽ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ እኛ እርስ በርስ እንተያያለን፤ ሙዚቃው ሲያልቅ «ዌል ዳን!» ይለናል። ጎበዞች ማለቱ ነው። የወንበር ጓደኛዬ ከድር፣ ከከምባታ፣ ከአንጋጫ መጥቶ እንደኔው ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር፤ «እኔን በሕይወቴ እንደዚህ ሰውዬ ያመነኝ የለም» ይል ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ሳለን ነው አጎቴ ሎምቤቦ ነገሩን ያበላሸው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ከሆሳዕና ጊምቢቹ የሚመላለስ ቅጥቅጥ መኪና ነበረው፤ ረዳቱ ጥሎት ስለሄደ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ የሚጠራለት ሰው ይፈልግ ነበር። ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። አባቴን በገበያ ቀን ያገኘውና «ልጅህ እኮ ጠዋት ገብቶ ቴሌቪዥን ሲያይ ነው የሚውለው፤ መምህሩም አብሮ ቆሞ ያያል» ይለዋል። ምኑ ውሸት ነው? አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ሰውን በእውነት ብቻ ማጥፋት የሚቻል መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አባቴ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያውቀው በአንድ መልኩ ብቻ ነው፤ ገበያ ሲመጣ በበሩ አጠገብ የሚያልፈው፣ ሥራ ፈት ጎረምሶች ኳስ እያዩ የሚጮኹበት ጨለማ ክፍል። እሱ በየሳምንቱ ከገጠር ቀያችን ከሌሞ በጋሪ ቆጮ እየላከ የሚያኖረኝ ለዚህ ነው? ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ በዓይኑ እንደሚያይ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ከክፍሉ ቀጥታ ወደ መናኸሪያ እንደሚወስደኝ መልእክት ሰደደ። አጎቴም «እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው እይዛለሁ» ብሎ ነበር። ዕጣዬ በአንድ ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከፊዚክስም በኒውተን ሕግ ላይ።

አባቴን በደንብ ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። አቶ ሀንዲሶ ገበሬ ነው፤ በሰፈራችን የሚታወቀው ግን በአስተርጓሚነቱ ነው። ከከተማ የመጣ ሰባኪ በቤተ ክርስቲያናችን በአማርኛ ሲሰብክ፣ ከጎኑ ቆሞ ወደ ሀዲይኛ የሚመልሰው እሱ ነው። ሥራውን የሚሠራው በሥርዓት ነው። ሰባኪው አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ይቆማል፤ አባቴ ይመልሳል፤ ሰባኪው ይቀጥላል። መንፈሱ ሞቆት መቆም የረሳ ሰባኪ ሲያጋጥመው፣ አባቴ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳዞረ በአንድ እጁ የኮቱን ጫፍ ጎተት ያደርገዋል። ስንቱ ትልቅ ሰባኪ ሌሞ ላይ ኮቱ ተጎትቷል።

ሲተረጉም ደግሞ ዝም ብሎ ቃል አያመላልስም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በአውሮፕላን ሲሄድ አየሩ እንዴት እንዳንገላታው፣ እንዴት እንደጸለየ ተረከ። ከእኛ ሰፈር አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው የለም። አባቴ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ አውሮፕላኑን በክረምት ጭቃ ገደል አፋፍ ላይ የተንሸራተተ መኪና አደረገውና ተሳፋሪውን በሙሉ አስጮኸው። ሕዝቡ አለቀሰ። እንግዳው፣ ስለ አውሮፕላኑ ነው የሚያለቅሱት ብሎ፣ እሱም አለቀሰ።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። አባቴ የሚተረጉምበትን ኮት ለብሶ መጣ። ቲቸር አበራ እንኳን ደህና መጡ አለው እንጂ ለምን መጡ አላለውም፤ ወላጅ ሊያየው የመጣ ቀን ስለሌለ ደስ ያለው ይመስለኛል። የመጨረሻው ወንበር ላይ በእኔና በከድር መሐል አስቀመጠው። ከዚያ መግቢያውን ተናገረ፤ ቴሌቪዥኑን አበራ፤ እንደ ልማዱ ከሳጥኑ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆመ። ከረባት ያሰረው ሰው ጀመረ።

እኔ የአባቴን ፊት ነበር የማየው። ቴሌቪዥኑን ሲያይ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን የተከለው ቲቸር አበራ ላይ ነው። በእሱ ዓለም ከተናጋሪ ጎን እንዲያ የሚቆም ሰው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። አንድ ዐረፍተ ነገር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሲያልፍ አባቴ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። «አስተርጓሚው አሞታል?» አለኝ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ ያልኩት እሱ እንደዚያ ስላሰበ ነው እንጂ ድምፁ የተሠራው ለአዳራሽ ስለሆነ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። አስተርጓሚ ሳይሆን መምህር መሆኑን ነገርኩት። «ያኛውስ?» እሱም መምህር ነው። «ሁለት መምህር ቀጥረው አስተርጓሚ የላቸውም?»

ከዚህ በኋላ አባቴን መያዝ አልተቻለም። ተነሣና ኮቱን አስተካክሎ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በአማርኛ። «ሰውዬው ለእርስዎ እየቆመልዎ አይደለም። ኮቱን ጎተት ያድርጉት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር አበራ የብረቱን ሳጥን አየ፤ ቁልፉን አየ። ሰውዬው እዚህ እንደሌለ፣ እንደማይሰማም በትሕትና አስረዳ። አባቴ፣ ታዲያ ማን ላከው ብሎ ጠየቀ። ቲቸር አበራ ወደ ዲሹ አቅጣጫ አንጋጦ «ከላይ የመጣ ነው» አለ። በዚያ ዘመን ከላይ ስለመጣ ነገር ብዙ አይጠየቅም፤ አባቴም ቁጭ አለ። ግን ቁጭ ያለው አድፍጦ ነው።

ሙዚቃው ሲለቀቅ ብድግ አለ። «ይኸው ቆመልዎ! በሉ ይናገሩ።»

ቲቸር አበራ ምን ያድርግ? ሕጉ ሙዚቃው እስኪያልቅ ተማሪው ራሱ ይሥራ ነው የሚለው። ሽማግሌ ደግሞ ቆሞ እየጠበቀው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ያን ሁሉ እንግሊዝኛ በአንዲት ዐረፍተ ነገር አማርኛ አወጣው፤ «በዕረፍት ላይ ያለ አካል፣ የውጭ ኃይል እስካልገፋው ድረስ በዕረፍት ላይ እንዳለ ይቆያል።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። አባቴ ግን ከጎኑ የተነገረን የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሳይመልስ አልፎ አያውቅም። ፊቱን ወደ እኛ አዞረና በዚያ የእሁድ ድምፁ በሀዲይኛ ለቀቀው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፤ «ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ ከውጭ መጥቶ የሚገፋው ካላገኘ፣ እንደተቀመጠ ይቀራል። አባቱም ቆጮ ይልክለታል።»

ሀዲይኛ የሚሰማው ተማሪ ወንበር እየደበደበ ሳቀ። ከድር እጁን አወጣና «አባባ፣ ለእኛስ ለከምባቶቹ ማን ይተርጉምልን?» አለ። አባቴ ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ነገረው፤ በትልልቅ ጉባኤዎች ላይ ለዚህ ሲባል ሌላ ሰው እንደሚቆም አስረዳው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሙዚቃው አልቋል። ከረባት ያሰረው ሰው ፈገግ ብሎ «ዌል ዳን!» አለን።

አባቴ ምን እንደሚል ጠየቀ። ከድር «ጎበዞች ነው የሚለን» አለው። «ምን አድርጋችሁ?» «እሱን እኛም አናውቅም፣ አባባ።» አባቴ ሰውዬውን ለረዥም ጊዜ አየው። ስክሪኑ ላይ ኳስ ሲንከባለል፣ ወረቀት ከሥሩ ሲመዘዝ ብርጭቆ ባለበት ሲቀር፣ ቀስቶች ወዲያና ወዲህ ሲሰመሩ ዓይኑን ሳይነቅል ተመለከተ። ሰውዬው ተሰናበተን፤ ደወሉም ተደወለ። ለቲቸር አበራ የተረፈች ጊዜ አልነበረችም። አባቴ ሲወጣ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ «አይዞዎት» አለው፤ ለሥራ ባልደረባ እንደሚባለው ዓይነት አይዞህ።

ወደ ክፍል ተመለስ አላለኝም። ጉዞ ወደ መናኸሪያ ሆነ። እሱ ከፊት ከፊት ይራመዳል፤ እኔ የጊምቢቹን መንገድ ፌርማታ በልቤ እየቆጠርኩ ነው። አጎቴ መኪናው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየን ለእኔ ወንበር ሳበልኝ። ለተሾመ ሰው እንደሚሳበው።

አባቴ ሳይቀመጥ፣ «ነገሩ አንተ እንዳልከው ብቻ አይደለም» አለው። «ቴሌቪዥን ነው፤ ግን ቃል አለው። አስተርጓሚ ነው ያጣው።» ወደ እኔ ዞረ። «ሰውዬው ዛሬ የተናገረውን ለአጎትህ ተርጉምለት። ገብቶህ ከሆነ ትማራለህ፤ ካልገባህ መኪናው ይኸው።»

ምን ገብቶኝ? ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ ያለችኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ እሷም በቆጮ ተለውሳለች። ግን ቆምኩ። ሸሚዜን ልክ እሱ ኮቱን እንደሚያስተካክለው አስተካከልኩ። ሰውዬው ያለው እንዲህ ነው አልኩ፤ የቆመ ነገር ካልገፉት አይሄድም፤ የሚሄድም ነገር፣ ስክሪኑ ላይ እንደተንከባለለው ኳስ፣ ካልያዙት አይቆምም። ስለዚህ በጊምቢቹ መንገድ አንድ ቅጥቅጥ እየበረረ ሳለ አህያ መንገድ ላይ ብትገባና ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ መኪናው ይቆማል፤ በር ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ግን የያዘው የለምና ጉዞውን ይቀጥላል። ያለ መኪና። ወዴት እንደሚደርስም ሰውዬው በቀስት ሠርቶ አሳይቷል አልኩ። ገደሉን፣ ድንጋዩን፣ በመጨረሻም ወንድሟን «ልጄን ምን አደረግከው?» የምትለዋን እናት ጨመርኩ።

አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ?» አለ። በእንግሊዝኛ ነው አልኩት፤ ከአዲስ አበባም በላይ ከሰማይ የመጣ ነው። መኪናውን ዞር ብሎ አየ፤ በሩን በተለይ አየው። ቀስ ብሎም ረዳት የሚሆን የጎረቤት ልጅ እንዳለ ትዝ እንዳለው ተናገረ። አባቴ «እንግዲያው ልጁ ይማር» አለ፤ ሻይም ሳይጠጣ ተሰናበተው።

ጋሪዎቹ ወደሚቆሙበት ሸኘሁት። ተሳፍሮ ኮቱን ሰበሰበና ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ፣ «ሰውዬው ስለ መኪና አንዲት ቃል አልተነፈሰም» አለኝ።

«አባ፣ በምን ታወቀ?»

«እኔ በየእሁዱ የማደርገውን እኔ አላውቀውም?» ባለጋሪው ፈረሱን ነካ አደረገው፤ አባቴ ትንሽ ወደ ኋላ ተገፋና ተስተካከለ። «ትርጉሙስ ምንም አይወጣለትም። አሁን የሚቀርህ እንግሊዝኛው ነው።»