በሁዳዴ የተነፈሰው እንጀራ

[ባቡሩ አዳማን አቋርጦ አዲስ አበባ መግባት ከጀመረ አሥር ዓመት ያህል ሆኖታል፤ በሰዓቱ መድረስን ግን ገና አልለመደም። የአዳማ ጣቢያ ሚዛን ጠባቂ ዘገዬ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ የድሬዳዋውን ባቡር ይጠብቃል። ሁዳዴ ነውና ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ሚስቱ መሰለች የቋጠረችለት አገልግል ከጉልበቱ ሥር አለ። የግራሩ ጥላ ሐዲዱን ሲነካ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይበላል። ጓደኛው መሐመድዘይን ከወለንጪቲ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ነጋዴ ነው። ከጆንያዎቹ በአንዱ ላይ ሊቀመጥ ሲል ዘገዬ ክንዱን ያዘው።]

ዘገዬ፦ አትቀመጥበት አልኩህ።

መሐመድዘይን፦ የገዛ ሽንኩርቴ ነው።

ዘገዬ፦ ያንተ ቢሆንም ሕይወት አለው።

መሐመድዘይን፦ አንተ ዘገዬ፣ ይሄ ሽንኩርት ከተነቀለ ከርሟል። ሬሳ ነው።

ዘገዬ፦ ሬሳ ያቆጠቁጣል? እየው፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ አውጥቷል።

መሐመድዘይን፦ የአጎቴም ጢም ከሞተ በኋላ አድጓል ይባላል።

ዘገዬ፦ የአጎትህን ጢም ተወውና ስማኝ። ወባ ሊመረምር መጥቶ እዚህ አንድ በጋ የከረመውን ፈረንጅ ሐኪም ታስታውሳለህ? ሣጥኑን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።

መሐመድዘይን፦ አውቃለሁ። በመጣሁ ቁጥር ትነግረኛለህ። [ጆንያውን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ አገልግሉንም አየው።] መሰለች ምን ቋጠረች?

ዘገዬ፦ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት። ዘጠኝ ሲሆን አብረን እንቆርሳለን።

መሐመድዘይን፦ ሁዳዴ መልካም ጾም ነው። ሥጋ ቢሆን እንደ ልማዳችን የየራሳችንን ነበር የምንበላው። በሁዳዴ ግን የእናንተ ሌማት ለእኛም ክፍት ነው። በል፣ እስከዚያ የሐኪሙን ሣጥን በወሬ ክፈተው።

ዘገዬ፦ [ፊቱ በራ] ሣጥኑ ውስጥ የነሐስ ቱቦ ያለው አጉሊ መነጽር ነበር። ሐኪሙ ከሽንኩርት ላይ ስሷን ገለፈት ገፈፈ፤ መስተዋት ላይ አነጠፋት፤ ውሃ ጠብ አደረገባትና «ዘገዬ፣ እይ» አለኝ። ምን ያየሁ ይመስልሃል?

መሐመድዘይን፦ ሽንኩርት።

ዘገዬ፦ ከተማ ነው ያየሁት። ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቤት በቤት። እያንዳንዷ ቤት ሴል ትባላለች።

መሐመድዘይን፦ ሰው አለባት?

ዘገዬ፦ ሰው የለባትም፤ ራሷ ናት የምትኖረው። ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ከውጭ አጥር አለ፤ ጠንካራ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ቀጥሎ ስስ ቆዳ አለ፤ እሱ በረኛው ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። ከቆዳው ውስጥ እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግ ነገር አለ፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ አንዲት ድቡልቡል ነገር አለች፤ አስኳል ትባላለች። የምታዝዘው እሷ ናት።

መሐመድዘይን፦ ጭቃ ሹም ናት በለኛ።

ዘገዬ፦ እሺ፣ ጭቃ ሹም ትሁን።

መሐመድዘይን፦ በየቤቱ አንድ ጭቃ ሹም? እኛ ያለን አንድ ነው፤ እሱንም አልቻልነውም።

ዘገዬ፦ ይሄኛው አያስቸግርም። ይልቅ በረኛውን ልንገርህ። ሽንኩርት ከትፈው ጨው ሲነሰንሱበት ውሃ ሲያወጣ አይተሃል?

መሐመድዘይን፦ አይቻለሁ። ያለቅሳል።

ዘገዬ፦ አያለቅስም። በረኛው ውሃ ሲመጣ ያሳልፋል፤ ጨው ሲመጣ ያግዳል። ስለዚህ ጨው ከውጭ ሲበዛ ውሃው ከየቤቱ ወደ ጨው ይወጣል፤ ጨው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገባም። በመነጽሩ ስታየው ያ ስስ ቆዳ ከግድግዳው ተላቆ ጭምትር ይላል፤ ገመዱ እንደተፈታ ድንኳን።

መሐመድዘይን፦ እንደ ኬላ ነው። ሰውዬውን እለፍ ይለዋል፤ ጨው የጫነች አህያውን ያቆማል።

ዘገዬ፦ [በደስታ ጉልበቱን መታ] ገባህ። እንደሱ ነው።

መሐመድዘይን፦ አህያዋን የት ያስሯታል?

ዘገዬ፦ አህያ የለችም።

መሐመድዘይን፦ አሁን እኮ ነበረች።

[ዘገዬ ተነፈሰና ጥላውን አየ። ጥላው ወደ ሐዲዱ እያዘገመ ነው፤ እንደ ባቡሩ። የሚያስረዳው ነገር እስካለ ድረስ ግን ረሃብ ይቻላል።]

ዘገዬ፦ አንተም እንደዚሁ ነህ።

መሐመድዘይን፦ ሽንኩርት ነኝ?

ዘገዬ፦ ከሴል የተሠራህ ነህ። ሐኪሙ ጉንጬን ከውስጥ በማንኪያ ጫፍ ፍቆ አሳይቶኛል። በረኛው አለ፤ አስኳሏ አለች። ያ ጠንካራ አጥር ግን የሽንኩርት እንጂ የሰው አይደለም።

መሐመድዘይን፦ አጥር የለንም?

ዘገዬ፦ የለንም።

መሐመድዘይን፦ ለካ ለዚህ ነው ጅብ የሚደፍረን። ታዲያ እኔ ስሄድ የሚሄደው ከተማው በሙሉ ነው?

ዘገዬ፦ በሙሉ።

መሐመድዘይን፦ ስተኛስ? ሁሉም ይተኛሉ?

ዘገዬ፦ እንዴት ይተኛሉ? የልብህ ሴሎች አንተ ስታንኮራፋ ሲሠሩ ነው የሚያድሩት።

መሐመድዘይን፦ ሰላም የሚላቸው እንኳ ሳይኖር። [እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ] አካም ጂርቱ? እንደምን ዋላችሁ?

ዘገዬ፦ አይሰሙህም።

መሐመድዘይን፦ ሥራ ላይ ናቸዋ።

ዘገዬ፦ ከሁሉ የገረመኝ ግን የሽንኩርቱም የጉንጬም አይደለም። አንድ ቤት ብቻ ያለው ከተማ አለ። አጥሩም፣ በረኛውም፣ ሹሙም፣ ጎተራውም እዚያችው አንዲት ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከመሰለች ቡሃቃ እርሾ ቀዳና ጠብታዋን መስተዋት ላይ አኖራት። ዓይኔን ብደቅን እንቁላል የሚመስሉ ነገሮች እንደ አሸዋ ፈሰዋል።

መሐመድዘይን፦ ዶሮዋስ?

ዘገዬ፦ ዶሮ የለችም። እያንዳንዷ ራሷን የቻለች ሴል ናት፤ ሕያው ፍጡር።

መሐመድዘይን፦ እርሾ ውስጥ? ትበላለች?

ዘገዬ፦ የዱቄቱን ጣፋጭ እየለቀመች ትበላለች።

መሐመድዘይን፦ ትተነፍሳለች?

ዘገዬ፦ ይሄን ስትሰማ ነው የምትደነቀው። ሊጡ ላይ የሚፈላው አረፋ የሷ እስትንፋስ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ እስትንፋሱ በስቶት ይወጣል። የእንጀራ ዓይን የምንለው የወጣበት ቀዳዳ ነው።

መሐመድዘይን፦ እንግዲያ አፍንጫ ነው መባል ያለበት። ትወልዳለች?

ዘገዬ፦ ከጎኗ እንቡጥ ታወጣለች። እንቡጡ ያድጋል፤ አስኳሏም ለሁለት ትከፈላለች፤ አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለልጅ። ከዚያ ልጅቱ ተለይታ የራሷን ቤት ትይዛለች። መሰለች ከየሊጡ ጥቂት እርሾ የምታስቀረው ለምን ይመስልሃል? ዘር ማስቀረቷ ነው። ጎረቤት ሲቸግራት የምትዋሰውም ዘሩን ነው።

መሐመድዘይን፦ ሠርግ የለ፣ ሽማግሌ መላክ የለ። የታደለች።

[ጥላው ሐዲዱን ነካ። ዘገዬ አማተበ፤ የአገልግሉን ክዳን አነሣ። የሱፉ ሽታ ከአፍንጫው ደረሰ። እጁን ሲሰድ የመሐመድዘይን መዳፍ እንጀራው ላይ አርፎ አገኘው።]

መሐመድዘይን፦ ቆይ።

ዘገዬ፦ ዘጠኝ ሆኗል።

መሐመድዘይን፦ ዘጠኝስ ሆኗል፤ ፋሲካ ግን አልሆነም።

ዘገዬ፦ ሽሮ እኮ ነው።

መሐመድዘይን፦ ሽሮውን ተወው። ከሥሩ ያለው በምን የቦካ ነው?

ዘገዬ፦ በእርሾ።

መሐመድዘይን፦ የሚበላ፣ የሚተነፍስ፣ የሚወልድ። ያልከው አንተ ነህ። እኔ እስላም ነኝ፤ በጾማችሁ አልገባም። ግን ጓደኛዬ ነህ። ባለፈው ሁዳዴ አንዲት ጭልፋ እርጎ ቀምሰህ የንስሐ አባትህ ምን እንዳደረጉህ አልረሳሁም።

ዘገዬ፦ [ጉልበቱን ዳሰሰ] ስግደቱን አታስታውሰኝ።

መሐመድዘይን፦ እርጎ እንኳ አይወልድም።

ዘገዬ፦ እሳት ላይ ሞተዋል እኮ። ከምጣድ ሙቀት የሚተርፍ የእርሾ ሴል የለም።

መሐመድዘይን፦ ዶሮም ድስት ውስጥ ከመግባቷ በፊት ሞታለች። ወጡን በሁዳዴ ትበላለህ?

ዘገዬ፦ አልበላም። ግን እነዚህ በጣም ትንንሽ ናቸው። በዓይን አይታዩም።

መሐመድዘይን፦ ቅቤም ወጥ ውስጥ ሲቀልጥ አይታይም።

ዘገዬ፦ ሽንኩርቱስ? ጤፉስ? ሁሉም ከሴል የተሠራ ነው።

መሐመድዘይን፦ ሽንኩርቱ ይኸው ከጎንህ ተቀምጧል። አረፋ ደፍቋል?

ዘገዬ፦ አልደፈቀም።

መሐመድዘይን፦ አረፋ የሚደፍቅ አፍ ያለው ነው። ግመል ይደፍቃል፣ በቅሎ ይደፍቃል። ሽንኩርት ሲደፍቅ ያየ የለም።

ዘገዬ፦ እንጀራውን ልተወው። ሽሮውን ብቻ በጣቴ ልቅመስ።

መሐመድዘይን፦ እንጀራው ላይ ነው የዋለው። ተንፍሶበታል።

[ዘገዬ ጣቱን መለሰ።]

መሐመድዘይን፦ አንድ መላ አለ። ሐኪሙ ቀልዶብኛል በል። እርሾ ሕይወት የለውም፣ እንደ አመድ በድን ነው በልና አብረን እንብላ።

[ዘገዬ ፍትፍቱን አየ፤ ሱፉ ነጣ ብሎ እንጀራውን አርሶታል። ከዚያ ያ የነሐስ ቱቦ ትዝ አለው፤ ዓይኑን ደቅኖ ሲጠብቅ፣ አንዲቱ እንቁላል ከጎኗ ቀስ ብላ እንቡጥ ስትገፋ። ያን ቀን ለሚያገኘው ሁሉ ሲነግር ነው የዋለው፤ ያመነው ግን አልነበረም።]

ዘገዬ፦ አልልም።

መሐመድዘይን፦ አንድ ቃል ናት።

ዘገዬ፦ በዓይኔ አይቻታለሁ። ለአንድ ጉርሻ ብዬ አልክዳትም።

መሐመድዘይን፦ ወንድ ነህ። [አገልግሉን ወደ ራሱ ሳበ] መቼም እህል መጣል ነውር ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ እኔን አያዘኝም። ቢስሚላህ።

[የመጀመሪያው ጉርሻ የሁለት ሰው ነበር። ዘገዬ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ።]

መሐመድዘይን፦ ይሄ እንግዲህ ሆዴ ሲገባ ከተማዬ ምን ያደርገዋል?

ዘገዬ፦ [ዘወር ሳይል] የአንጀትህ ሴሎች ይረከቡታል። በረኞቹ የላመውን ያሳልፉታል፤ ደምህ ተሸክሞ ለየቤቱ ያድለዋል።

መሐመድዘይን፦ ለእግሬ ጣትም?

ዘገዬ፦ ለእግርህ ጣትም።

መሐመድዘይን፦ ጣቴ ሽሮው ጨው አነሰው ትላለች።

ዘገዬ፦ አላነሰውም። መሰለች ጨው አታሳንስም።

መሐመድዘይን፦ አንተ በምን አወቅህ? አልቀመስከውም።

[ዘገዬ ምራቁን ዋጠ። መሐመድዘይን ፍትፍቱን ጨረሰ፤ በመጨረሻዋ ቁራሽ የአገልግሉን ጥግና ጥግ ጠረገ፤ አላመጠ፤ ዋጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰ።]

መሐመድዘይን፦ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ይሄ እርሾ ዘሩ ምንድን ነው? ከፍየል ወገን ነው ወይስ ከዶሮ?

ዘገዬ፦ [የሚያስረዳው ሲያገኝ ረሃቡን ረሳው፤ ዞሮ ተቀመጠ] ከሁለቱም አይደለም። ጥሩ ነገር ጠየቅህ። ሐኪሙን እኔም ይሄንኑ ጠይቄው ነበር። እርሾ የእንጉዳይ ወገን ነው ብሎኛል። ያ ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚለው እንጉዳይ የሩቅ ዘመዱ ነው።

መሐመድዘይን፦ እንጉዳይ በሁዳዴ ይበላል?

ዘገዬ፦ እንጉዳይማ ከመሬት የሚበቅል አይደል፣ እንዴት አይበላም፣ ማን ከልክሎት...

[ነገሩን ሳይጨርሰው አፉ ተከፍቶ ቀረ። አገልግሉን አየ። ከዚያ መሐመድዘይንን አየ።]

ዘገዬ፦ ይሄን ለምን ቀደም ብለህ አልጠየቅከኝም?

መሐመድዘይን፦ ልጠይቅህ ነበር፤ አፌ ሞልቶብኝ ነው።