ጋሽ ላቀው ሳይማከሩ የመጣው ድንጋይ

በየሰፈሩ አንድ አለ። ሲሚንቶው ከጋሪ ሳይወርድ ሽታው የሚደርሰው፣ ከግንበኛው ቀድሞ ሥራው ቦታ የሚገኝ፣ መዶሻ በእጁ ሳይነካ የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያስገነባ ሰው። ደባርቅ ላይ ለእሌኒ ሰፈር የደረሱት ክቡር አቶ ላቀው ናቸው፤ የማንም ሹመት ያላስፈለጋቸው መሐንዲስ።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ሠራተኛ የሚፈራውም ያንን ዝምታ ነው። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቁና «እኔን ሳታማክሩ?» ይላሉ። የጎረቤታቸውን የገዱን በር ሁለት ጊዜ አስነቅለው፣ በመጨረሻ መጀመሪያ እንደነበረው አስገጥመው «አሁን ገና በር ሆነ» ብለዋል። የውኃ መስመር በሰፈሩ ሲቆፈር ሦስት ቀን ከቆፋሪዎቹ ጋር ስለዋሉ፣ በአራተኛው ቀን አንዱ ሠራተኛ ቀርቦ የአንድ ቀን ዕረፍት ፈቃድ ጠይቋቸዋል። ቀብር ላይ እንኳ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አይተው «በቀኝ በኩል ጠበብ ብሏል» ሲሉ የሰማ አለ።

እሌኒ ከእሳቸው ጋር አጥር ትጋራለች። ስለዚህ የኩሽናዋን ካቢኔት ላዩን ብቻ ልታስለውጥ ስታስብ፣ ከአቧራውም ከግርግሩም በላይ ያሳሰባት የጋሽ ላቀው ነገር ነበር።

ካቢኔቱ አይነካም። አባቷ አቶ ቢራራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር የሠሩት የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ጥርት ያለ ዋንዛ፣ መሳቢያው በአንድ ጣት የሚሳብ። ላዩ ግን ዓመት ሙሉ ውኃ ሲንጠባጠብበት አብጦ ተበልቷል። እሱ ይነሳል፣ በቦታው ግራናይት ይጋደማል፣ አለቀ። አባቷ ደግሞ በሳምንቱ ከድብ ባሕር ሊጠይቋት ይመጣሉ። ካቢኔቱ ተጎድቶ ቢያገኙት ምንም አይሏትም፤ የምትፈራውም ይኸን ምንም አለማለታቸውን ነው።

የጎንደሩ ድንጋይ ሠሪ ሙጂብ ለመለካት የመጣው ጋሽ ላቀው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ነበር። የሚገጠምበት ቀን ደግሞ ዳባት ላይ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሽማግሌ የተባሉበት ማክሰኞ ሆነ። እሌኒ ሚኒባሱ ጋሽ ላቀውን ይዞ ሲነሳ በዓይኗ አይታ ነው ለሙጂብ «ና» ብላ የደወለችው።

የድሮው የላዩ ጣውላ ሲነሳ ተሰባበረ። ሙጂብና ረዳቶቹ ድንጋዩን ለአራት ተሸክመው ካቢኔቱ ላይ አሳርፈው ወደ ግድግዳው ገፉት። ሄደ፣ ሄደና ቆመ። ከፊት በኩል አራት ጣት ያህል ተርፎ መሳቢያዎቹ ላይ እንደ ቆብ ተንጠለጠለ።

ሙጂብ ሲለካ ሁለቱን ጫፍ ለክቶ፣ መሀሉን ያው ነው ብሎ አልፎታል። የእሌኒ ቤት ግን የጭቃ ቤት ነው፤ የኩሽናው ግድግዳ መሀሉ ላይ ሆድ አውጥቷል። አቶ ቢራራ የድሮውን ጣውላ በዚያው ሆድ ልክ ከኋላው ጎድጎድ አድርገው ቆርጠውት ኖሯል።

«ድንጋዩን እዚህ ልቁረጠው ብል መብራት የለም» አለ ሙጂብ። «ካቢኔቱን ከግድግዳው ነቅለን አራት ጣት ወደ ፊት እናምጣው።»

«ሳይጎዳ ይነቀላል?»

«መገጣጠሚያው አርጅቷል፣ እትዬ። አላህ ያውቃል።»

«ግድግዳውንስ መንካት አይቻልም?»

«ቤቱ ቢናድብሽስ?»

እሌኒ ወደ ደጅ ወጣች። ስልኳን አወጣች። ከዚያ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ እሌኒ ነኝ» አለችና የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ፤ ያው የሚታወቀው ዝምታ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አሉና ዘጉት።

ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደረሱ።

«ባልና ሚስቱስ?» አለቻቸው።

«ሃያ ዓመት የከረመ ጠብ ነው፤ ግማሽ ቀን ቢታገሡ ምን ይሆናሉ?»

ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ እየመቱ አዳመጡት። «ይኸውልህ ልጄ» አሉት ሙጂብን፤ «ይኸ ሆድ የግድግዳው አይዶለም፣ የምርጊቱ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር ሲመርጉት እዚሁ ቆሜ ነበር። አሮጌውን ሳትልጡ አትደርቡበት ብል ማን ሰማኝ? እንጨቱ ያለው አራት ጣት ወደ ውስጥ ነው። ውኃ አርከፍክፉበትና በቢላዋ ላጡት።»

እሌኒ ያን የምርጊት ቀን አልረሳችም። «ጋሼ፣ ሠራተኞቹን ሥራ አያስፈቷቸው» ብላ የሸኘቻቸው እሷ ራሷ ነበረች።

ምርጊቱ ረጥቦ በድንጋዩ ከፍታ ልክ ብቻ ተላጠ። እንዳሉትም እንጨቱ ከአራት ጣት በኋላ ብቅ አለ። ድንጋዩን ሲገፉት ሄዶ ቦታውን ያዘ፤ ውሃ ልኩ ሲቀመጥበትም ልክ መጣ። እሌኒ መሳቢያውን በአንድ ጣት ሳበችው። እንደ ድሮው ተሳበ። እፎይ ብላ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሁን የምትጠብቀው «እኔን ሳታማክሩ?» የሚለውን ነው። ይገባታል፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ጋሽ ላቀው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንኳን ደስ ያለሽ» ብቻ ብለው ወጡ። አወጣጣቸው ያልተጠራ እንግዳ አወጣጥ ነበር። እስከ አጥሩ በር ተከተለቻቸው።

«ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?»

ዞረው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቧንቧው ግን» አሉ፤ «በግራ በኩል ነበር መሆን የነበረበት።»

እሌኒ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ደስ ያላት ነገር አልነበረም። «ይግቡና ያሳዩን» አለቻቸው። ሙጂብ ከውስጥ ይኸን ሰምቶ እቃውን መሰብሰቡን ተወ። እሷም በርጩማ አምጥታ ከካቢኔቱ ፊት ለፊት አስቀመጠችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በርጩማው ከቦታው አልተነሳም።