በሬ የሚያስቆመው መዝሙር

በዚህ አገር ያለው ነገር ሁሉ ከእኔ ደጅ ነው የወጣው የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ግራና በምትባል የገጠር ከተማ ገጥሞኛል። አያ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ ናቸው።

«የብሔራዊ መዝሙሩ ዜማ የአባቴ ነው» አሉኝ። «ሲያርስ ለበሬው የሚያንጎራጉረው ነበር። ከዚሁ ሰምተው ነው የወሰዱት፣ ወላሂ።»

ማስረጃ አለዎት ወይ ብላቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለው ማሳቸው ወሰዱኝ። እርሻውን እንደ ጀመሩ ተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቅሉ ተሰልፈው መዘመር ያዙ። ሁለቱ በሬዎች ቀጥ አሉ። አያ እንድሪስም እርፉን እንደ ጨበጡ ቀጥ አሉ። እኔማ ደንብ ነው፣ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ።

መዝሙሩ ሲያበቃ «አየህ? የአባቴን ዜማ ያውቁታል» አሉኝ።

«አያ፣ በሬዎቹ እኮ የቆሙት አንቱ ስለ ቆሙ ነው።»

በትዝብት አዩኝ። «የእኔ ጆሮ ከአጥር ማዶ የሚዘመር መች ይሰማል? እኔ የምቆመው እነሱ ሲቆሙ አይቼ ነው።»

ኮፍያዬን መልሼ ሳጠልቅ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በአጥሩ በኩል ወደ እኛ እየጠቆመ በማይክሮፎን ተማሪዎቹን ሲቆጣ ሰማሁ።

«ለመዝሙር መቆም ማለት እንደነዚያ አራቱ ነው!»